የጽዳት ወጪን ለመቀነስ ከቤት የሚሠራውና ከሱቅ የሚገዛው

ጥያቄው የደረሰኝ በደሴ ከተማ ከሚኖሩ አንዲት እናት ነው። ስድስት ሰው ለሚኖርበት ቤታቸው በየወሩ ለላርጎ፣ ለዱቄት ሳሙና፣ ለበረኪና፣ ለመስታወት መጥረጊያና ለሽንት ቤት ማጽጃ የሚያወጡት ገንዘብ ከአቅማቸው በላይ እየሆነ መምጣቱን ገልጸው የሚከተለውን ጠይቀዋል፦ «አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ተቀላቅሎ ሁሉን ያጸዳል የሚባለው እውነት ነው? ጎረቤቴ በረኪናን ከሎሚ ጋር ቀላቅላ ሽንት ቤት ታጥባለች፤ እኔም እንደዚያ ላድርግ? እናቶቻችን ይጠቀሙበት የነበረው እንዶድስ ዛሬም ይሠራል? ሳሙናውንስ ራሴ ብሠራው ያዋጣኛል?»

እህቴ፣ ከጥያቄዎችዎ መካከል አንዱ ለነገ የማይባል በመሆኑ ቅደም ተከተልዎን ልለውጥና ከጎረቤትዎ ልጀምር። በረኪናና ሎሚ ፈጽሞ አይቀላቀሉም። በረኪና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የሚባል ንጥረ ነገር በውሃ የሟሟበት ፈሳሽ ሲሆን፣ ሎሚ፣ አቼቶ ወይም አሲድነት ያለው የሽንት ቤት ማጽጃ ሲነካው ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይለቃል። ይህ ጋዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በ1915 እ.ኤ.አ. ለጦር መሣሪያነት የዋለው ያው ጋዝ ነው፤ ከአየር ስለሚከብድም ጠባብና መስኮት አልባ በሆነ ሽንት ቤት ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሚያጥበውን ሰው ፊት ለፊት ያገኘዋል። ሽንት በተጠራቀመበት ቦታ ላይ በረኪና ማፍሰስም ተመሳሳይ አደጋ አለው፤ በሽንት ውስጥ ያለው አሞኒያ ከበረኪናው ጋር ተዋህዶ ክሎራሚን የሚባል ሌላ መርዛማ ጋዝ ስለሚፈጥር አስቀድሞ ብዙ ውሃ ማፍሰስ ያስፈልጋል። ጎረቤትዎ ይህን ሲያደርጉ ዓይናቸው አቃጥሏቸው ወይም አስሏቸው ከነበረ «ጠንካራ ስለሆነ ነው» ብለው አልፈውት ይሆናል፤ ምልክቱ ግን የጽዳቱ ኃይል ሳይሆን የመመረዝ ነው። እንዲህ ሲያጋጥም ወዲያውኑ ወጥቶ ንጹሕ አየር መተንፈስ፣ በርና መስኮት ከፍቶ ቦታውን መተው፣ ሳሉ ወይም የትንፋሽ ማጠሩ ካልቀነሰ ደግሞ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። እባክዎን ይህችን ምክር ለእርሳቸው ዛሬውኑ ያድርሱልኝ።

አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ሲቀላቀሉ አደጋ የላቸውም፤ ጥቅማቸው ግን ከሚነገርላቸው በእጅጉ ያነሰ ነው። አንዱ አሲድ፣ ሌላው የአሲድ ተቃራኒ በመሆኑ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኃይል ያጠፋል፤ ያ ሁሉ አረፋ የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ፉጨቱ ሲያበቃ በሳህኑ ላይ የሚቀረው ሶዲየም አሲቴት የተባለ ለስላሳ ጨው የሟሟበት ውሃ ነው። በሌላ አነጋገር ገንዘብ ከፍለው የገዟቸውን ሁለት ጠቃሚ ነገሮች በአንድ ጊዜ ከንቱ አደረጓቸው ማለት ነው። ለየብቻቸው ከተጠቀሙባቸው ግን ሁለቱም ዋጋ አላቸው፤ ለዚህም እድፉ ራሱ ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ይበቃል።

በቤታችን ከምንታገላቸው እድፎች አብዛኛዎቹ በሦስት ይጠቃለላሉ። ማንቆርቆሪያ ውስጥ፣ ቧንቧ አፍ ላይና ሽንት ቤት ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ከውሃው ውስጥ የመጣ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ይህን የሚፈታው አሲድ ብቻ ነው፤ የፈለገውን ያህል ሳሙና ቢያፈሱበት አይነቃነቅም። የወጥ ቅባትና የምድጃ ጥቀርሻ ደግሞ ሙቅ ውሃ፣ ሳሙናና እንደ ቤኪንግ ሶዳ ወይም አመድ ያለ የአሲድ ተቃራኒ ይፈልጋል። ሦስተኛው በዓይን የማይታየው ጀርም ሲሆን፣ እርሱን በተመለከተ በአቼቶም ሆነ በሎሚ ላይ መተማመን አይገባም። ለእያንዳንዱ የቤት ጥግ አንድ ጠርሙስ እንድንገዛ የሚያደርገን ይህን ልዩነት አለማወቃችን ነው፤ ከጠርሙሶቹም ብዙዎቹ ይበልጡን የያዙት ውሃ በመሆኑ፣ የምንከፍለው ገንዘብ ትልቁ ክፍል ለውሃው፣ ለፕላስቲኩና ለመጓጓዣው ነው።

እንግዲህ ቅርፊትና መስታወት ለሚባሉት ሁለቱ የሚበቃዎት አቼቶ ነው። አንድ እጅ አቼቶ በሦስት እጅ ውሃ ቢያቀጥኑ ከአንዱ ሊትር አራት ሊትር የመስታወት መጥረጊያ ያገኛሉ፤ በአሮጌ ጋዜጣ ወይም ክር በማይተው ጨርቅ መወልወል ነው። ማንቆርቆሪያው የማይዝግ ብረት ከሆነ እኩል በእኩል የተቀላቀለ አቼቶና ውሃ አፍልተው ለአንድ ሰዓት ያህል ይተዉት፤ ቅርፊቱ ራሱ እየተላቀቀ ሲወርድ ያዩታል፤ ከዚያም ደጋግሞ ማለቅለቅ ነው። አቼቶው ቢጠፋ ከሰላጣ የተረፈው የሎሚ ልጣጭም ውስጡ ጥቂት ጭማቂ እስካለው ድረስ የቧንቧውን አፍ ለማሸት ያገለግላል። ለሽንት ቤቱ ቅርፊት ያልቀጠነ አቼቶ ማታ አፍስሶ ማሳደር፣ ጠዋት በብሩሽ አሽቶ በብዙ ውሃ ማውረድ ነው፤ በዚያ ቀን በረኪና እዚያ ቦታ አይድረስ። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፦ አቼቶና ሎሚ ሲሚንቶንና እብነ በረድን ቀስ በቀስ ይበላሉ። ወለልዎ ሊሾ ከሆነ አንጸባራቂነቱ የሚጠፋው በዚህ ነው፤ ለእርሱ ጥቂት ሳሙና የገባበት ውሃ ብቻ ይበቃል።

ለቅባቱ የሚሆነው መላ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ቤታችን ውስጥ አለ። በየመታጠቢያው ዳር የሚቀረውን የሳሙና ፍርፋሪ በአንድ ጣሳ ያጠራቅሙ፤ 100 ግራም ያህል ሲሞላ ፈቅፍቀው በሁለት ሊትር የፈላ ውሃ ያሟሙት፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ጀሶ ረግቶ ሊያገኙት ይችላሉ፤ ቢያማስሉት ይላላል። ለወለል፣ ለመጥረጊያ ጨርቅና ለልብስ ጥሩ ነው። ለብርጭቆ ግን አልመክረውም፤ ውሃው ካልሲየም የበዛበት ከሆነ ሳሙናው ከካልሲየሙ ጋር ተጣብቆ ብርጭቆው ላይ ግራጫ ድባብ ይተዋል። ያረረ ድስት ካለ ውሃና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምረው ለጥቂት ደቂቃ ማፍላት ያረረውን ያላላዋል። ይሁንና ድስቱ አሉሚኒየም ከሆነ ቤኪንግ ሶዳውም ሆነ የአመድ ውሃው ስለሚያጠቁረው በእነዚህ አይዘፍዝፉት። አመድን ካነሣን አይቀር፣ የእንጨት አመድ ፖታሲየም ካርቦኔት የሚባል ቅባት የሚያላላ ንጥረ ነገር ስላለው እናቶቻችን ዕቃ በአመድና በቃጫ ማሸታቸው በሳይንስም የሚደገፍ ልማድ ነው። ነገር ግን የነጠረ የእንጨት አመድ ይሁን፤ ፕላስቲክ የተቃጠለበት ምድጃ አመድ ለዕቃ አይሆንም።

ወደ እንዶድ ልምጣ፤ በጥያቄዎ ውስጥ ከሁሉም ይበልጥ ያስደሰተኝ ይህኛው ነው። እንዶድ በወሎ ደጋና ወይና ደጋ ቀበሌዎች አጥርና ቁጥቋጦ መካከል የሚበቅል፣ ፍሬው በዘለላ የሚንጠለጠል ተክል ሲሆን፣ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር በፍሬው ውስጥ በብዛት ስለሚገኝ ነው። ፍሬው ሳይበስል፣ ገና አረንጓዴ ሳለ ተለቅሞ በጥላ ይደርቃል፤ ከዚያም ተወቅጦ በለብታ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ በጨርቅ ከተጠለለ በኋላ የሚገኘው ፈሳሽ ሲማታ እንደ ሳሙና ይኩረፈረፋል። ነጠላንና ጋቢን ለማጠብ እስከ ዛሬ የሚወዳደረው ጥቂት ነው፤ የአሲድ ተቃራኒነቱ እንደ ርካሽ የልብስ ሳሙና የጠነከረ ስላልሆነ የጥጡን ክር አያደርቀውም፣ የጥለቱንም ቀለም አይጎዳውም። አጥርዎ ሥር ወይም ገጠር ካሉ ዘመዶችዎ ግቢ ካለ ወጪው የእጅዎ ድካም ብቻ ነው።

እንዶድ ግን የተፈጥሮ ስለሆነ ጉዳት የለውም ብለው እንዳይዘናጉ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዓድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት የወንዝ ዳር የበሽታው አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው ነው ተክሉን በዓለም ያስተዋወቀው፤ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋርም በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተውበታል። ቀንድ አውጣውን የገደለው ያው አረፋውን የሚያወጣው ሳፖኒን ሲሆን፣ ዓሣንም ይገድላል። ስለዚህ በሐይቅ ዳርቻም ሆነ በቦርከና ወንዝ ዳር የሚኖሩ አንባቢዎች የእንዶድ እጣቢን ወደ ውሃው እንዳይለቁ፣ ራቅ አድርገው መሬት ላይ እንዲደፉት አደራ እላለሁ። ዱቄቱ በሚወቀጥበት ጊዜ ብናኙ ዓይንንና አፍንጫን ክፉኛ ስለሚቆጣ አፍና አፍንጫን በሻሽ መሸፈን ይገባል፤ ቢዋጥም መርዝ ነው፤ ስለዚህ ለምግብ ዕቃ አይጠቀሙበት፣ ሕፃናት ከሚደርሱበትም ያርቁት። የተዘፈዘፈው ፈሳሽ ስለሚበላሽ የዕለቱን ለዕለቱ ማዘጋጀት ነው፤ የደረቀው ፍሬ ግን እርጥበት ካልነካው ብዙ ወር ይቆያል።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ ሸክላ ዕቃ አንድ ነገር ልጨምር። ጀበና፣ የሸክላ ድስትና ምጣድ ቀዳዳቸው የማይታይ ወንፊት ስለሆነ ሳሙና ይጠጣሉ፤ የጠጡትንም በቡናው ወይም በወጡ ይመልሱታል። ጀበናን በሙቅ ውሃ ደጋግሞ ማለቅለቅ በቂ ነው። ጠላ ለሚጠምቁም ጋኑን በግራዋ ቅጠል ማጠቡና በወይራ ማጠኑ ከየትኛውም የሚገዛ ፈሳሽ የተሻለ ነው፤ በዚህ ረገድ ወጪ የሚባል ነገር መኖር የለበትም።

አሁን ሳሙናውን ራስዎ ስለ መሥራት። ሳሙና የሚገኘው ቅባትና ኮስቲክ ሶዳ (ከቤኪንግ ሶዳ ፈጽሞ የተለየ፣ ቆዳ የሚያቃጥል ኃይለኛ የአሲድ ተቃራኒ) ተዋህደው ሲለወጡ ነው። ዘይት ከሱቅ ገዝተው ሳሙና ልሥራ ቢሉኝ፣ ዛሬ ባለው የዘይት ዋጋ ኪሳራ ነው ብዬ እከለክልዎታለሁ። ትርፍ የሚኖረው ቅባቱ በነጻ ወይም በጥቂት ገንዘብ ሲገኝ ነው፤ በዐረፋና በፋሲካ ሰሞን በየቤቱ ከእርድ የሚተርፈው ሞራ ለዚህ የተሠራ ያህል ነው። ሞራውን በትንሹ ከትፈው ከውሃና ከጥቂት ጨው ጋር በዝግታ ያቅልጡት፤ አጥልለው ሲያቀዘቅዙት ንጹሑ ሞራ ከላይ ይረጋል፤ እርሱን አንሥተው ከሥሩ ያለውን ቆሻሻ ይፍቁት። ሽታው ካልጠፋ ይህንኑ አንድ ጊዜ ይድገሙት።

ከነጠረ ሞራ 500 ግራም ሲወስዱ የሚያስፈልግዎት ኮስቲክ ሶዳ 66 ግራም፣ ውሃውም 170 ግራም ያህል ነው። እነዚህ በማንኪያ ወይም በግምት የሚለኩ አይደሉም፤ ግራም የሚያሳይ ሚዛን ከሌለዎት ሥራውን አይጀምሩት፤ ሶዳው ከበዛ ሳሙናው ቆዳ ይልጣል፣ ካነሰ ደግሞ ቅባቱ ሳይለወጥ ይቀራል። የጠቀስኩት መጠን ጥቂት ቅባት ሆን ተብሎ ሳይለወጥ እንዲተርፍ ተደርጎ የተሰላ ነው። ሁልጊዜ ሶዳውን ወደ ውሃው ይጨምሩ እንጂ ውሃውን በሶዳው ላይ አያፍስሱ፤ በተቃራኒው ከሆነ በድንገት ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። ውሃው ወዲያውኑ እጅግ ይግላል፣ ጉሮሮ የሚከረክር ትነትም ያወጣል፤ ስለዚህ ግቢ ውስጥ፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርገው፣ ልጆች በሌሉበት ይሥሩት። ዕቃው የማይዝግ ብረት ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ይሁን። በየቤታችን ያለው አሉሚኒየም ድስት ለዚህ ፈጽሞ አይሆንም፤ ኮስቲክ ሶዳው ድስቱን ይበላዋል፣ ሲበላውም በቀላሉ የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ጋዝ ይወጣል።

የሶዳው ውሃና የቀለጠው ሞራ ሁለቱም ወደ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርዱ፣ ማለትም ዕቃቸውን ከውጭ ሲዳስሱት ሞቅ ብሎ የማያቃጥል ሲሆን፣ የሶዳውን ውሃ በቀጭኑ ወደ ሞራው እያፈሰሱ ሳያቋርጡ ያማስሉ። መጀመሪያ እንደ ወተት ይነጣል፤ ቆይቶም እንደ ቀጭን ገንፎ እየወፈረ ሄዶ ማንኪያው ሲነሣ የሚንጠባጠበው ጠብታ በላዩ ላይ ለአፍታ ምልክት ጥሎ ይታያል። ያን ጊዜ ፕላስቲክ በተነጠፈበት ካርቶን ይገልብጡት፣ ይሸፍኑት፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ በጓንት ቆራርጠው ነፋስ በሚያገኘው መደርደሪያ ላይ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያድርቁት። ከዚያ በፊት ከተጠቀሙበት ኃይለኛ ነው፣ ቶሎም ያልቃል። ሲደርቅ ከ600 ግራም በላይ የሚመዝን፣ ለልብስና ለዕቃ የሚሆን ጠንካራ ሳሙና ይሆንልዎታል። ሶዳው ቆዳ ላይ ከተረጨ ወዲያውኑ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ ማጠብ ነው፤ አቼቶ ማፍሰስ አይገባም። ዓይን ከነካ እያጠቡ ወደ ሆስፒታል መሄድ፣ ሰው ከዋጠውም ሳያስመልሱ መውሰድ ግድ ነው።

ላርጎን የመሰለ ፈሳሽ ሳሙና ግን ከሞራ አይሠራም። ዋና ንጥረ ነገሮቹ ነጋዴዎች ላብሳ የሚሉት ሰልፎኒክ አሲድና ቴክሳፖን የሚባለው ወፍራም አረፋ አውጪ ናቸው። ላብሳው ራሱ የሚያቃጥል አሲድ ስለሆነ በኮስቲክ ሶዳ ውሃ እየተመጠነ መለዘብ አለበት፤ ለ100 ግራም ላብሳ 12 ግራም ያህል ሶዳ ይበቃል፤ የመጨረሻው ፈሳሽ ፒኤች (አሲድነቱን ወይም የአሲድ ተቃራኒነቱን የሚያሳየው ቁጥር) በመለኪያ ወረቀት ሲታይ ከ7 እስከ 8 ሊሆን ይገባል። የሚያወፍረው የገበታ ጨው ነው፤ ጥቂት በጥቂት ሲጨምሩት ይወፍራል፤ ካለፈ ግን መልሶ ይቀጥናልና ወፍራም ይሁን ብለው ጨው ላይ እጅዎን አይዘርጉ። ሊታወቅ የሚገባው ሌላ ነገር አለ፦ እነዚህ ንጥረ ነገሮች የሚያዋጡት በብዛት ሲገዙ ነው። ለአንድ ቤት ብቻ ከሆነ ትርፉ ለድካሙና ለአደጋው አይመጥንም። በእድር ወይም በቡና ማኅበር አምስት ስድስት ቤት ተሰባስባችሁ፣ ሚዛንና የፒኤች ወረቀት በጋራ ገዝታችሁ፣ ከመካከላችሁ ጠንቃቃዋ ሠርታ ብትካፈሉት ግን ቁጠባው በእርግጥ የሚታይ ይሆናል።

በረኪናን በቤት ለመሥራት አያስቡ፤ ይግዙት፣ ነገር ግን አቅጥነው ይጠቀሙበት። መለያው ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ ለወለልና ለተለመደው የጀርም መከላከል ከታጠበ በኋላ ሁለት የሻይ ማንኪያ በአንድ ሊትር ውሃ ይበቃል፤ ቤት ውስጥ ትውከት፣ ተቅማጥ ወይም ደም የነካው ቦታ ካለ ብቻ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ይደረጋል። ሁለቱም ቢሆኑ ቦታው ላይ ለ10 ደቂቃ መቆየት አለባቸው። እድፉ ሳይታጠብ በረኪና ማፍሰስ ብክነት ነው፤ ኃይሉን ቆሻሻው ይጨርሰዋል። የቀጠነው በቀኑ ያልቅ፤ ያልቀጠነውም ከብርሃንና ከሙቀት ይራቅ፣ እየቆየ ይደክማልና በብዛት ገዝቶ ማከማቸት አይጠቅምም።

ምን ያህል እንደሚቆጥቡ ለማወቅ የጠርሙሱን ዋጋ ሳይሆን የአንዱን እጥበት ዋጋ ያስሉ። አንድ ጠርሙስ ላርጎ በተገዛበት ቀን ላዩ ላይ ቀኑን ይጻፉና ሲያልቅ በስንት ቀን እንዳለቀ ይዩ፤ ቀጣዩን ደግሞ በቀጥታ ስፖንጅ ላይ ከማፍሰስ ይልቅ በትንሽ ሳህን ውሃ አቅጥነው እየነከሩ ይጠቀሙና ያወዳድሩ። በብዙ ቤት ትልቁ ቁጠባ የሚገኘው ከዚህ እንጂ ከማንኛውም ቅመማ አይደለም። ዱቄት ሳሙናውንም በእፍኝ ከመጨመር በማንኪያ መለካት፣ በጣም የቆሸሸውን ልብስ ብቻ ማታ መዘፍዘፍ ተመሳሳይ ውጤት አለው።

በመጨረሻም በቤትዎ የሚያዘጋጁትን ማንኛውንም ፈሳሽ በውሃ ሃይላንድ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አያስቀምጡ። ሕፃን ልጅ ሃይላንድ ሲያይ ውሃ ነው ብሎ ይጠጣል፤ የአቼቶው ውሃና የበረኪናው ውሃ ደግሞ በመልክ ከመጠጥ ውሃ አይለዩም። የአሮጌ ላርጎ ወይም የበረኪና ጠርሙስ በደንብ አጥበው ይጠቀሙ፤ አቼቶን ግን በረኪና በነበረበት ጠርሙስ አያድርጉ። ላዩ ላይ የፈሳሹን ስምና የተዘጋጀበትን ቀን በማይለቅ ቀለም ይጻፉ፤ ኮስቲክ ሶዳውን እርጥበት እንዳያገኘው አጥብቀው ከድነው፣ ቁልፍ ባለው ቁምሳጥን ያኑሩት።